ቸስ ያላለው ጠብታ

የጨፋ ማሽላ ለአጨዳ በደረሰበት በ1954 ዓ.ም. ኅዳር፣ የቀጥቃጩ የቃሲም ሚስት ረቢአ ሃያ አራት ማጭድ በሰሌን ጠቅልላ ከከሚሴ ወደ ባቲ ገበያ ለመሄድ ተነሳች። በየዓመቱ በዚህ መንገድ የሚሄደው ባሏ ነበር። ዘንድሮ ግን ወባ ከመደቡ ጋር አጣብቆት ወናፍ መንፋት እንኳ አቃተው፤ ማጭድ ደግሞ አጨዳው ካለፈ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

«ከየት ነሽ ቢሉሽ ከጨፋ ነኝ በይ» አላት ቃሲም ከተኛበት ሳይነሳ። «የማን ማጭድ ነው ቢሉሽ፣ ገዝቼ የማተርፍ ነኝ በይ። ሕፃን ያዢልን ቢሉሽ እሺ እንዳትዪ። አሞኛል በይ፣ ምን ቸገረሽ።»

ረቢአ ይህን ማንም ሳይመክራት ታውቀዋለች። ሰው ማረሻውን ለቀጥቃጭ ሰጥቶ ያሠራል፣ ማጭዱን ያስላል፣ ሲወጣ ደግሞ የልጁን ፊት ይሸፍናል። ቀጥቃጮችን በኦሮምኛው «ቱምቱ» ይሏቸዋል፤ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይላሉ። ስድስት ዓመት ሲሆናት የጎረቤት ሕፃን አይታ ስቃ ነበር። ሕፃኑ በማግስቱ ታመመ። ሦስት ሰዎች ዱላ ይዘው ደጃቸው ላይ ቆሙና እናቷን ወስደው «ትፊበት!» አሏት። ዓይኑ የመጣው ከእናትየዋ ነው፣ የበላችው ራሷ ካልተፋችበት አይለቀውም ብለው ነው። እናቷ ተፋች። ሕፃኑ ዳነ። እናቷ ግን ከዚያን ቀን በኋላ ቀና ብላ ውኃ ቀድታ አታውቅም። እምቢ ብትል ዱላ ነበር የሚጠብቃት፤ እሺ ብላ ስለተፋች ደግሞ በገዛ አፏ ያመነች ሆነች።

ካሚዮኑ በጣሊያን ጊዜ የመጣ አሮጌ ነው። እስከ አፉ ማሽላ ተጭኖበት፣ ከጆንያው በላይ አሥራ አምስት ያህል ሰው ተደርድሯል። ሾፌሩ አብዱልጀሊል ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ መሪ የለመደው ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ ባለው ሜዳ ላይ የሆነ ሰው ነው፤ የባቲን ቁልቁለት ከዚያ በፊት የወረደው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ረዳቱን ቁርጠት ይዞት ኮምቦልቻ ላይ ጥሎት መጥቷል። ጋቢና ውስጥ ከጎኑ የተቀመጠው የማሽላው ባለቤት፣ ሙሐመድዘይን የሚባል ነጋዴ ነበር። አፋሮቹ ገበያውን ጥለው ሳይሄዱ ልድረስ እያለ መንገዱን ሙሉ የሾፌሩን ጆሮ ሲበላ ነው የመጣው።

ረቢአ ከጆንያዎቹ ጥግ፣ ማጭዶቿን ከጭኗ ሥር ወሽቃ ተቀምጣለች። ማንንም ላለማየት መንገዱን ታያለች። ግን አጠገቧ የነበረችው አሻ ዝም የምታሰኝ ሴት አልነበረችም። የአራት ወር የበኩር ልጇን ዘይኑን ይዛ፣ ባቲ ላለችው እናቷ ልታሳይ ነው የምትሄደው።

«ኧረ ወደዚህ ጠጋ በይ እህቴ፣ ጠርዝ ላይ ምን አንጠለጠለሽ?» አለቻትና ከመቀነቷ የቋጠረችውን የሽምብራ ቆሎ በመዳፏ ሞላችላት። «ብይ። ስምሽ ማነው?»

«ረቢአ።»

«ከየት?»

«ከጨፋ።»

አሻ ማሻ አላህ አለችና ወሬዋን ቀጠለች። ስለ ምጧ፣ ስለ አማቷ፣ ስለ ልጇ እንቅልፍ። ረቢአ ቆሎውን እየቆረጠመች ሳቀች። ስንት ዓመቷ ነው፣ እንዲህ ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጣ ከሰው እጅ ስትበላ? ስትስቅ ግን ዓይኗን ከሕፃኑ ላይ ታሸሽ ነበር።

ዳገቱ አልቆ መንገዱ ወደ ባቲ ማዘቅዘቅ ሲጀምር ሽታውን ከሁሉም ቀድማ ያወቀችው እሷ ነበረች። የጋለ ብረትና የተቃጠለ ቀንድ ዓይነት ሽታ ነው። መጀመሪያ የቤቷን ሽታ ከልብሷ ጋር ይዛ የመጣች መስሏት ነጠላዋን አሸተተች። ከዚያ ከካሚዮኑ ሆድ ሥር ሰማያዊ ጭስ ሲወጣ አየች።

ካሚዮኑ ፈጠነ። በመጀመሪያ ሰው አላወቀም፤ ነፋሱ በረታ ብሎ ልብሱን ሰበሰበ እንጂ። ቀጥሎ አንዱ ጠመዝማዛ ላይ ጭነቱ ወደ ገደሉ ሲያጋድል ሁሉም ባንድ አፍ «ያ ረቢ!» አለ። በግራ በኩል መሬት የለም፤ ከታች የግራር ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው። ከጋቢና የሾፌሩ ድምፅ መጣ።

«እንቢ አለ! ፍሬኑ እንቢ አለ!»

አሻ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ በሌላው እጇ የረቢአን ክንድ ጨመደደች። ጥፍሯ ሥጋዋ ውስጥ ገባ። ሞተሩ አጓራ፣ ማርሹ ተፋጨ፣ አብዱልጀሊል መሪውን ወደ ተራራው ጠምዝዞ የካሚዮኑን ጎን ከአፈሩ ግድግዳ ጋር አላተመው። ድንጋይ ተረጨ። ሳንቃ ተገነጠለ። ሃምሳ ክንድ ያህል እየተፋተገ ሄዶ አቧራ ውስጥ ቆመ።

ከዚያ ወንዶቹ ተንደርድረው ወርደው ከየጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቁ። ሴቶቹ ተደጋግፈው ወረዱ። አባ ሙሄ የሚባሉ ሽማግሌ መንገዱ ላይ ግንባራቸውን ደፍተው ሱጁድ ወረዱ።

አብዱልጀሊል ከጋቢና ሲወጣ ከንፈሩ አመድ መስሎ ነበር። «ፍሬኑ ግሎ ነው» አለ። «ሲበርድ ይይዛል። አብሽሩ፣ ሲበርድ ይይዛል።» ማንን እንደሚያጽናና አይታወቅም።

የውኃውን ጀሪካን አወረደ። ከፊት ጎማው ሥር ተንበርክኮ ጣቶቹን ውኃ ነከረና ከጎማው በስተጀርባ ባለው ክብ የፍሬን ብረት ላይ ረጨው። ቸስስ! ጠብታዎቹ ብረቱ ላይ ተዘርግተው፣ ተንጨርጭረው ወዲያው ጭስ ሆኑ።

«አያችሁ? ይኼ ነው የጋለው» አለ።

ወደ ኋላ ዞሮ ከኋለኛው ጎማ ሥር ገባና እንደገና ረጨ። ምንም ድምፅ የለም። ጠብታዎቹ ብረቱን ሲነኩ አልተዘረጉም፣ አልተንጨረጨሩም። ድቡልቡል ብለው እንደ ሙስበሃ መቁጠሪያ ፍሬ ተንከባለሉ፤ ወዲያ ወዲህ ሮጡና ከብረቱ ጠርዝ ሳይፈርሱ ጠጠሩ ላይ ወደቁ።

«የኋላው ደህና ነው! ቀዝቅዟል» ብሎ ጮኸ አብዱልጀሊል፣ ድምፁ ውስጥ ደስታ ገብቶ። «የፊቱ እስኪበርድ ብቻ ነው የምንጠብቀው።»

ረቢአ አምስት እርምጃ ርቃ ቆማ ይህን አየች። ቀኝ እጇ ሳታዘው ተጨበጠ።

ቃሲም ባገባት በመጀመሪያው ወር ነበር። ከእሳት የወጣ ማረሻ መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ ጓሮ ሄደ። ቅላቱ ጠፍቶ ጠቁሯል። እሷ ልታነሳው ፈለገችና፣ ጠንቃቃ ነኝ ብላ መጀመሪያ ውኃ አንጠባጠበችበት። ጠብታው ቸስ አላለም፤ ክብ ሆኖ ተንከባለለ። በርዷል ብላ በመዳፏ አፈፍ አደረገችው። ሦስት ወር እጇን በቅጠል አስራ ተቀመጠች። ቃሲም ቁስሉን እያጠበላት ነው የነገራት። «ብረት መጠነኛ ሲግል ውኃ ይነካውና ይጮሃል። ከልክ ሲያልፍ ግን ውኃውም ይፈራል። አይነካውም። የራሱን እንፋሎት ከሥሩ አንጥፎ እላዩ ላይ ይሮጣል። የሚጮኸውን ጠብታ አትፍሪ። ዝም የሚለውን ፍሪ።»

እና አሁን ዝም ያለው ጠብታ የኋለኛው ጎማ ላይ ነው፤ ያ ሁሉ ጆንያ የተጫነበት።

የፊቱ ጎማ በሩብ ሰዓት በረደ። አብዱልጀሊል ሲረጭበት ውኃው ብረቱን ዝም ብሎ አራሰው። ሙሐመድዘይን ፀሐይዋን እያየ «በል እንጂ፣ በል እንጂ! ገበያው ተበተነ እኮ» ይላል። ሰው አንድ ሁለት እያለ መሳፈር ጀመረ።

ረቢአ ቁልቁል አየች። ከዚህ በታች ያለው ቁልቁለት ካለፈው ይከፋል፤ ጠመዝማዛው እርስ በርሱ ተደራርቦ ከቆመችበት ይታያታል። መጀመሪያ ያሰበችው ራሷን ነበር። እሷ መሄድ ትችላለች። ማጭዷን ተሸክማ «ፈርቻለሁ፣ በእግሬ እወርዳለሁ» ብትል ማን ይከለክላታል? ሴት ፈራች ይሉና ይስቃሉ። ከተናገረች ግን ከየት አወቅሽ ይሏታል። መልሱ አንድ ነው። ከዚያ ካሚዮኑ ገደል ቢገባ በዓይኗ በላችው፤ ባይገባም በዓይኗ አቆመችው ይባላል። በየትኛውም በኩል መውጫ አልነበረውም።

ጥቅሏን ከጆንያው ላይ ጎትታ አወረደች። ጀርባዋ ላይ አድርጋ ሁለት እርምጃ ሄደች።

«ረቢአ!» አለች አሻ ከላይ። ልጇን ታቅፋ የቀድሞ ቦታዋ ላይ ተመቻችታለች። «የት ነው? ነይ እንጂ፣ ቦታሽን ይዤልሻለሁ።» አጠገቧ ያለውን ጆንያ በእጇ መታ መታ አደረገች።

ረቢአ ቆመች። ጥቅሉ ከጀርባዋ ወርዶ መሬት ላይ ብረት ለብረት ተንኳኳ።

«ውረጂ» አለች። «አሻ፣ ውረጂ። ሁላችሁም ውረዱ። የኋላው አልበረደም።»

አብዱልጀሊል አንድ እግሩን የጋቢናው መወጣጫ ላይ አድርጎ ዞር አለ። «ምን አልሽ?»

«የኋላው ብረት ነው የባሰው። ውኃው የሮጠው እኮ ከግለቱ ብዛት ነው ወንድሜ። የበረደ ብረት ላይ ውኃ አይሮጥም፣ ያርሰዋል። እንደ ፊተኛው።»

«አንቺ ሾፌር ነሽ?» አለ ሙሐመድዘይን።

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ከየት አወቅሽ?»

ይኸው መጣ። ረቢአ ዙሪያዋን አየች፤ አሥራ አምስት ሰው ያያታል። ቀኝ መዳፏን ዘረጋች። ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ ትንሿ ጣት ድረስ ቆዳው ተጨማዶ፣ አብረቅርቆ፣ የማረሻ ጠርዝ ታትሞበት ይታያል።

«ባሌ ቀጥቃጭ ነው» አለች። «አባቴም ቀጥቃጭ ነበር። ይኼን ያገኘሁት እንዲህ ያለ ጠብታ አይቼ በርዷል ብዬ ነው።»

ከላይ አሻ የልጇን ፊት በነጠላዋ ስትሸፍን አየቻት። ቀስ ብላ ነው የሸፈነችው፤ ረቢአ እንዳታይባት የተጠነቀቀች ይመስል። ከሁሉም ይልቅ እሱ አመማት።

«ቱምቱ!» አለ አንዱ። «ከእኛ ጋር ነው ተሳፍራ የመጣችው!»

«አዑዙ ቢላህ! ለካ እንዲያ ነው! ለካ ፍሬኑን የበላው...»

«ተዋት፣ እዚሁ ጥለናት እንሂድ! አንተ፣ አስነሳው!» አለ ሙሐመድዘይን።

አብዱልጀሊል አልተንቀሳቀሰም። የረቢአን መዳፍ ነው የሚያየው። ሾፌርም ብረት ያቃጥለዋል፤ እንዲህ ዓይነት ጠባሳ የእሱም ክንድ ላይ አለ። «ብትዋሺስ?» አላት።

«እኔን አትመን። ደረቅ ሣር አስነካው።»

ጎንበስ ብሎ ከመንገዱ ዳር እፍኝ ደረቅ ሣር ነጨና ከኋላው ጎማ ሥር ገባ። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ሣሩ ብረቱን እንደነካ ጠቆረ፣ ጨሰ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ክር መሰለ፤ አብዱልጀሊል ደንግጦ ሲጥለው ጠጠሩ ላይ ቦግ ብሎ ነደደ።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አሉ አባ ሙሄ።

አብዱልጀሊል ተነሳ። ቀጥሎ ጀሪካኑን በሁለት እጁ አንስቶ ሙሉውን ሊደፋበት ሮጠ። ረቢአ ሳታስበው ዘልላ ክንዱን ያዘች።

«አይሆንም! ይሰነጠቃል! እንዲህ የጋለ ብረት ባንዴ ውኃ ከደፋህበት እንደ ገል ነው የሚሰነጠቀው!»

የያዘችው የባዕድ ወንድ ክንድ መሆኑን አውቃ ወዲያው ለቀቀችው። እሱም ክንዱን በሌላው እጁ አሸት አሸት አደረገ። ውኃውን ግን አልደፋም።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«መጠበቅ። በየጊዜው ጠብ እያደረግክ እየው። መሮጡን ትቶ ሲጮህ መብረድ ጀምሯል ማለት ነው። መጮሁንም ትቶ ዝም ብሎ ሲያርሰው፣ ያኔ እንሄዳለን።»

ጠበቁ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ጥላ የሚባል ነገር የካሚዮኑ ጎን ብቻ ነው፤ እዚያ ሰው ሁሉ ተጠጋግቶ ተቀመጠ፣ ረቢአ ግን ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ። ማንም ሂጂ አላላትም። ስትቀርብ ግን ሁሉም ልብሱን ይሰበስባል። አብዱልጀሊል ጠብታውን ይረጭና «ይሮጣል» ይላል። ቆይቶ ደግሞ «አሁንም ይሮጣል»። እሱ በተናገረ ቁጥር ሰዎቹ የሚያዩት እሷን ነው፤ ውኃውን የምታስሮጠው እሷ ይመስል።

ረቢአ ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች። ሰው ብታይ አየችን ይላሉ። ካሚዮኑን ብታይ ጨረሰችው ይላሉ። እግሯ ሥር ያለውን አፈር እያየች፣ ላቧ ከግንባሯ እየተንጠባጠበ አቧራው ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ሲቆፍር ስትቆጥር ቆየች።

ከዚያ ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሕፃን ነበር። አሻ በነጠላ ሸፍናው፣ አንዷ ሴት ደግሞ «ጨምሪበት፣ ታየዋለች» ብላ ጋቢ ደርባበት ነበር። ልቅሶው እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደና ተቋረጠ። አሻ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ስታየው ጮኸች።

«ልጄን! ልጄን በላችብኝ!»

ወንዶቹ ተነሱ። ሁለቱ ዱላ ይዘዋል። ሙሐመድዘይን ከፊት ሆኖ መንገዱን ተሻገረ። ረቢአ ልትሮጥ አስባ ዙሪያዋን አየች። ከኋላዋ ገደል፣ ከፊቷ እነሱ፣ ከእነሱ ኋላ ተራራ።

«ትፊበት» አለ ሙሐመድዘይን። ድምፁ ከፍ አላለም። «ሳይብስ ትፊበት።»

የእናቷ ፊት መጣባት። እነዚያ ሦስት ዱላዎች፣ ያ ደጃፍ። ከተፋች አለቀ፤ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ከሚሴ ይገባል፤ ቃሲም የሚሠራበት ጎጆ ላይ ማን እሳት እንደሚለኩስ አይታወቅም። ካልተፋች ደግሞ እዚሁ ነው። ከአሻ ክንድ ላይ የተንጠለጠለችውን ትንሽ እጅ አየች። ሕፃኑ ፊቱ በርበሬ መስሏል፤ አልላበውም፤ አፉን እንደ ዓሣ ይከፍታል። በዓይን የተበላ ልጅ ምን እንደሚመስል አታውቅም። በሙቀት የታፈነ ልጅ ግን ታውቃለች፤ ወናፉ አጠገብ የራሷን ልጅ ስታስተኛ አንድ ጊዜ ደርሶባታል።

«እተፋለሁ» አለች።

ሰዎቹ ባንድ ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«እተፋለሁ። ግን መጀመሪያ ልብሱን ሁሉ አውልቁለት። ራቁቱን ካልሆነ አይይዝም። ጥላ ውስጥ አስተኙት። አናቱን፣ ብብቱን፣ ሆዱን በውኃ አርሱት፣ አፉ ላይም ጠብ ጠብ አድርጉለት። ከዚያ እተፋለሁ።»

ከየት እንዳመጣችው አታውቅም። እነሱ ግን አመኑ፤ እንዲህ ያለውን ነገር የምታውቅ እሷ ናትና። አሻ ጋቢውን፣ ነጠላውን፣ ጨርቁን ገፈፈችለት። አብዱልጀሊል ጀሪካኑን አመጣ። ውኃው በሕፃኑ ደረት ላይ ሲወርድ ልጁ ሽቅብ ተንፈራገጠ። አሻ ጣቷን እየነከረች ከንፈሩ ላይ አንጠባጠበችለት። አንድ ጠብታ፣ ሌላ ጠብታ። ምላሱን አወጣ። ላሰ።

«አሁን!» አለ ሙሐመድዘይን።

ረቢአ ቀረበች። ጎንበስ አለች። አፏ ደርቆ ምራቅ አልነበራትም። «እንትፍ» አለች፤ የወጣው ጥቂት ብናኝ ውኃው ላይ አርፎ ከውኃው ጋር ወረደ። ሕፃኑ ዓይኑን ገልጦ አያትና እሪ ብሎ አለቀሰ፤ በደንብ፣ በሙሉ ጉሮሮ።

«ለቀቀችው!» አሉ ሴቶቹ። «አልሐምዱሊላህ፣ ለቀቀችው!»

አሻ ልጇን አቅፋ ስታለቅስ ረቢአን ቀና ብላ አየቻት። የምትናገረው ነገር ያላት መሰለች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ አንዷ ሴት ትከሻዋን ይዛ ዞር አደረገቻት።

ከካሚዮኑ ሥር «ቸስ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። «ጮኸ!» አለ አብዱልጀሊል። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ውኃው የኋላውን ብረት ዝም ብሎ አራሰው።

ሰዎቹ ጭነቱ እንዲቀል በእግር እንዲወርዱ አብዱልጀሊል ወሰነ፤ እሱ ብቻውን በአንደኛ ማርሽ፣ እንደ ኤሊ እያለ ነዳው። በየሁለት ጠመዝማዛው ያቆማል፤ ወርዶ ይረጫል። ረቢአ ማጭዷን ተሸክማ ከሁሉም ኋላ፣ ካሚዮኑን ብቻ እያየች ወረደች። ፍሬኑ በጮኸ ቁጥር ትቆም ነበር። አሁን አንድ ነገር ቢደርስ ማን ላይ እንደሚመጣ ታውቃለች። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሌሎቹ ተሳፈሩ። እሷ እስከ ባቲ በእግሯ ቀጠለች።

ስትደርስ ገበያው ሊበተን ነበር። አንድ የአፋር ሽማግሌ ማጭዶቿን በጥፍራቸው እየሞከሩ ስድስቱን ገዙ፤ የማን ሥራ እንደሆነም አልጠየቁም። የተረፈውን ይዛ አንዲት የባሏ ዘመድ ቤት አደረች።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ከሚሴ የሚመለሱት ተሳፋሪዎች ካሚዮኑ አጠገብ ተሰብስበው ነበር። ከትናንቶቹ ሰባት ስምንቱ አሉ፤ ሌሎቹን አታውቃቸውም። እነሱም ግን ወሬው ደርሷቸው አወቋት፤ ስትመጣ ልብሳቸውን ሰበሰቡ። ረቢአ ከሩቅ ቆማ፣ ካልወሰዱኝ በእግሬ ስንት ቀን ይፈጅብኝ ይሆን እያለች ታሰላ ጀመር።

አብዱልጀሊል ከጋቢናው ወርዶ ወደ እሷ መጣ።

«ከፊት ግቢ» አላት።

«ከላይ ይሻለኛል።»

«ከላይ አይሆንም።» ዓይኑን ዝቅ አደረገ። «ጋቢና ግቢ እቴ። አብሽሪ።»

ሙሐመድዘይን ይህን እንደሰማ ጥምጣሙን አስተካከለና፣ ያ ትናንት ጋቢና ተቀምጦ የመጣ ሰውዬ፣ ባዶ ጆንያዎቹ ላይ ወጥቶ ከሌሎቹ ጋር ተቀመጠ። ከላይ ያሉት እፎይ ሲሉ የተሰማት መሰላት። ለክብሯ ይሁን ከእነሱ ሊለያት፣ አብዱልጀሊል አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ገባች። መቀመጫው ለስላሳ ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጣ አታውቅም።

ከመስተዋቱ ላይ በቆዳ የተለበጠ አዲስ ክታብ ተንጠልጥሏል። ትናንት አልነበረም።

አብዱልጀሊል ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ ከሄደ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከኮምቦልቻ ወዲያ ሐርቡ ቁልቁለት አለ» አለ። «እዚያ ስንደርስ ውኃውን አብረሽኝ ታይልኛለሽ?»

«አይልሃለሁ» አለች።

እንዳታየው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መስኮቱ ውስጥ የእሱ ጥላ ስለታያት ደግሞ ወደ ጭኗ። ዳገቱ ሲጀምር ሞተሩ አጓራ፤ ረቢአ ጠባሳዋን በሌላው እጇ ሸፍና ከሚሴ እስኪደርሱ፣ ለዚያ ውኃ ካልሆነ በቀር፣ ዓይኗን ከጉልበቷ ላይ ላለማንሳት ወሰነች።